አሳንሰው ቢያዩህ ይሻላል ወይስ አግዝፈው?

ዝምተኛው_ኮደር (ጠያቂ) · ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሲያዩት ቀላል ነው፤ እኔን ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሰው ከልክህ በታች ቢገምትህ ይሻላል ወይስ ከልክህ በላይ?

ከየት መጣ ለምትሉ፣ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ባለፈው ወር አንድ ሲስተም ጨርሰን ለአለቆች አሳየን። አሳየን ስል ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ መናገር ስለሚሆንልኝ። ከባዱን ሥራ የሠራው ግን አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው። ሲስተሙ ሌሊት ሌሊት እየወደቀ መከራ ሲያሳየን ምክንያቱን ቆፍሮ ያገኘው እሱ ነው፤ እኔ ስላይድ ሳሳምር ነበር። ሲጨበጨብልኝ ዞሬ አየሁት። ጎንበስ ብሎ ኬብል ይጠቀልላል።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አለቃዬ ጠራኝና "የቡድን መሪ ልናደርግህ አስበናል፣ እስከ ዓርብ መልስ ስጠኝ" አለኝ። ቀጥሎ "ያን የሌሊቱን ችግር የፈታ ሰው ለዚህ አያንስም" ሲል ዝም አልኩ። የሚቆረቁረኝ ይኼ ዝምታዬ ነው።

አንዳችን ከልኩ በላይ ታየን፣ አንዳችን ከልኩ በታች። የማን ወንበር ይሻላል? እኔን ብቻ አትስደቡ፣ በጠቅላላውም ተከራከሩበት።

ቁጥር_9 · ሰኞ፣ ማታ 3፡22

አሳንሰው ይዩኝ። ምን ጥያቄ አለው?

የእንግሊዙን እግር ኳስ ቡድን፣ የ2015/16ን (እ.ኤ.አ.) ሌስተር ሲቲ አስታውስ። ውድድሩ ሲጀመር አቋማሪዎቹ ሌስተር ዋንጫ ይበላል ላለ ሰው 5000 ለ1 ነበር የሚከፍሉት። ከቁም ነገር የቆጠራቸው የለም ማለት ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች ሲገጥሟቸው ግልብጥ ብለው ያጠቃሉ፣ ከኋላቸው ሜዳው ባዶ ይቀራል፣ አጥቂያቸው ቫርዲ ደግሞ የሚፈልገው ባዶ ሜዳ ብቻ ነው። በ2012 ከታችኛው ሊግ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ የመጣ ልጅ ነው እኮ! በ81 ነጥብ፣ ሁለተኛውን በ10 ነጥብ ርቀው ጨረሱ። ፈርተዋቸው ቢሆን ሁሉም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ተጠቅጥቆ ይከላከልባቸው ነበር። ሲንቁህ ሜዳ ይለቁልሃል።

ነገረኛዋ · ሰኞ፣ ማታ 3፡31

@ቁጥር_9 ግማሹን ብቻ ነው የተረክኸው። ቀጥሎስ?

አሰልጣኙ ራኒየሪ በጥር 2017 የፊፋ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ፣ በየካቲት ተባረረ። ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። እርግጥ ሲባረር ቡድኑ ከወራጅ ቀጠናው በአንድ ነጥብ ብቻ ነበር ከፍ ያለው። ግን ከሁለት ዓመት በፊት ከወራጅነት በአንድ ነጥብ መትረፍ ለዚያ ቡድን ጮቤ ያስረግጥ ነበር። ወንበሩን ያሳጣው ራሱ ያመጣው ዋንጫ ነው። አንዴ ካገዘፉህ በድሮው ሚዛን የሚመዝንህ የለም።

ቁጥር_9 · ሰኞ፣ ማታ 3፡34

የወደቁት አማካያቸው ካንቴ ስለሄደ ነው 😂 በዚያው ዓመት ቼልሲ ገብቶ እዚያም ዋንጫ በላ።

ነገረኛዋ · ሰኞ፣ ማታ 3፡37

እሱን ነው የምልህ! ሁሉም ቫርዲ ቫርዲ፣ ማህሬዝ ማህሬዝ ሲል ኳሱን ነጥቆ የሚያቀብላቸው ሰው ዋጋው የታወቀው ከሄደ በኋላ ነው። ጠያቂ ወንድሜ፣ ያ ኬብል የሚጠቀልለው ልጅ አንድ ቀን ሌላ ሥራ ቢያገኝ ነው የአንተ ልክ የሚታወቀው። ለሊቱን አስብበት።

ዝምተኛው_ኮደር (ጠያቂ) · ሰኞ፣ ማታ 3፡40

እንቅልፍ ነሳኝ ብዬ ነው የመጣሁት፣ አንቺ ደግሞ ጨመርሽልኝ።

አንድ_ቃል · ሰኞ፣ ማታ 3፡52

ቫን ጎግ።

ነገረኛዋ · ሰኞ፣ ማታ 3፡53

ይኸው መጣ። ይህን ሠዓሊ ሳታነሱ የሚያልቅ ክርክር የለም። ከሞተ በኋላ ቢጨበጨብለት እሱ ይሰማዋል?

ፈረስ_ሐ3 · ሰኞ፣ ማታ 4፡15

ቼዝ እጫወታለሁ። እኛ ዘንድ ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ቁጥር ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ።

እያንዳንዱ ተጫዋች የአቅም ነጥብ አለው። ስሌቱን ያወጣው አርፓድ ኤሎ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነው፤ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 ተቀብሎታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ነጥባቸው እኩል ከሆነ ከ100 ጨዋታ ሃምሳ ሃምሳ ይጠበቅባቸዋል። በ200 የሚበልጠው 76 ያህል ይጠበቅበታል፣ በ400 የሚበልጠው ደግሞ 91 ያህል። ከተጠበቀብህ በላይ ካመጣህ ነጥብህ ይወጣል፣ ካነስክ ይወርዳል።

አሁን እውነተኛ አቅምህ 1800 ሆኖ ወረቀቱ 1600 ነህ ይልሃል እንበል። 1600 ከሆኑ ሰዎች ጋር ትቀመጣለህ። ሃምሳ ነው የሚጠበቅብህ፣ አንተ ሰባ ስድስት ታመጣለህ። አንድ ጨዋታ ቢበዛ 20 ነጥብ በሚያንቀሳቅስበት ደረጃ ላይ ካለህ መጀመሪያ አካባቢ በየጨዋታው በአማካይ 5 ነጥብ ያህል ትለቅማለህ። ተቃራኒውን አስቡት። አቅሙ 1600 ሆኖ 1800 የተባለው ምስኪን በየጨዋታው ያችኑ 5 ነጥብ ይገፈፋል፤ በየቀኑ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ይገባል፣ እስከሚወርድበት ድረስ። ስለዚህ ቼዝ ላይ ያለ ጥርጥር መናቅ ይሻላል። ነጥቡ ራሱን ያርማል፣ አንተም በሚታረምበት መንገድ ላይ እያሸነፍክ ትሄዳለህ።

ግን ልብ በሉ። ይህ የሚሠራው በማግስቱ ሌላ ጨዋታ ስላለ ነው። ተመልሶ የሚለካህ ስላለ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማን ነው በየሳምንቱ የሚለካህ? ደመወዝ የምትደራደረው አንዴ ነው። አለቃ ስምህን ከአንድ ነገር ጋር የሚያያይዘው አንዴ ነው። ድጋሚ መለኪያ በሌለበት ቦታ የመጀመሪያው ግምት እዚያው ይደርቃል፣ እንደ ሲሚንቶ። እዚያ እንግዲህ አግዝፈው ያዩት ሰው ነው የሚያተርፈው፣ ያንን አልክድም።

ደግሞ አንድ ነገር። እኛ ዘንድ ዝቅተኛ ምድብ ውስጥ ገብቶ ሽልማት ለመብላት ሆን ብሎ እየተሸነፈ ነጥቡን የሚያወርድ ሰው አለ። ትሁት አንለውም። አጭበርባሪ ነው የምንለው፣ ከውድድርም ይታገዳል።

ቁጥር_9 · ሰኞ፣ ማታ 4፡21

5 ነጥብ ለመልቀም ይህን ሁሉ ጻፍክ? ቀልዴን ነው፣ ጥሩ ነው ያስረዳኸው።

መምህርት_ነኝ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡45

ፈረስ "የመጀመሪያው ግምት ይደርቃል" ያልከውን እኔ በየመስከረሙ አየዋለሁ። ልጆቹን ከመተዋወቄ በፊት የአምናው አስተማሪ መጥቶ "ይቺ ጎበዝ ናት፣ እሱን ተይው" ይለኛል። ጆሮዬን ይዤ ነው የምሸሸው።

ምክንያት አለኝ። ሮዘንታልና ጃኮብሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1968 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለአስተማሪዎች "በፈተና አጣርተን እነዚህ ልጆች ዘንድሮ ይመነጠቃሉ ብለናል" ብለው የጥቂት ልጆች ስም ሰጧቸው። ስሞቹ ግን በዕጣ ነበር የወጡት። በዓመቱ መጨረሻ በተለይ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያሉት ስማቸው የተጠራው ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ የአእምሮ ፈተና ውጤት አመጡ። ማለት፣ አግዝፈው ያዩዋቸው ልጆች እውነትም ገዘፉ። ጥናቱ ብዙ ትችት ገጥሞታል፣ ትልልቆቹ ልጆች ላይ እንዲህ ያለ ውጤት አልታየም። በኋላ ተመሳሳይ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩ አስተማሪው ልጆቹን ከሁለት ሳምንት በላይ ካወቃቸው በኋላ የሚሰጠው ስም ብዙም አይሠራም። በዓይኑ አይቷቸዋላ!

ስለዚህ በልጅነትህ አግዝፈው ቢያዩህ ነው የሚሻለው ባይ ነኝ። ትልቅ ሰው ሲንቁት እልህ ይይዘው ይሆናል። ልጅ ሲንቁት ያምናል።

ነገረኛዋ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡02

የመጨረሻዋ መስመር ልቤን ነካችው መምህርት።

ሰባተኛ_ፎቅ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡30

ወንዶቹ "ሲንቁህ ሜዳ ይለቁልሃል" ምናምን ስትሉ ያስቀኛል። የተናቀ ሰው ሁሉ ኳስ ተጫዋች መሰላችሁ?

ኢንጂነር ነኝ። ስብሰባ ላይ ሐሳብ እሰጣለሁ፣ ዝም። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ወንድ ያንኑ በሌላ ቃል ይደግመዋል፣ "በጣም ጥሩ ሐሳብ!"። ይሄ ሜዳ መልቀቅ ነው? እኔ ሜዳውም ላይ መኖሬን የሚያይ የለም። ቫርዲን የናቁት ቢያንስ ግብ ሲያገባ ግቡን ለሌላ ሰው አልጻፉበትም።

መፍትሔውም ለኔ "ጠንክረሽ ሥሪ፣ አንድ ቀን ያዩሻል" አይደለም። የአሜሪካ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየበዙ ምን ማድረግ ጀመሩ መሰላችሁ? ሙዚቀኛ ሲቀጥሩ ተወዳዳሪው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ እንዲጫወት አደረጉ። ዳኞቹ ድምፁን ብቻ ነው የሚሰሙት። አንዳንድ ቦታ ወለሉ ላይ ምንጣፍ እስከማንጠፍ ደርሰዋል፣ የሴት ጫማ ኮቴ እንዳይሰማ። በነዚያ ኦርኬስትራዎች የሴቶች ቁጥር በኋላ በጣም ጨምሯል፤ በመጋረጃው ብቻ ነው ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ምንጣፏ ግን ከአእምሮዬ አትወጣም። ሰው ግምቱን ማረም ሲያቅተው ጆሮውን ማታለል ነበረበት።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብለው ተርተዋል አባቶቻችን። እኔ ደግሞ ተናግሬም ቀረብኝ።

ፈረስ_ሐ3 · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡41

@ሰባተኛ_ፎቅ ልክ ነሽ፣ አንቺ የምትይው ጨዋታውን አሸንፈሽ ነጥቡ ለሌላ ሰው ሲመዘገብ ነው። ያ እኔ ካሰብኩት የተለየ ነው። ሂሳቤ እዚያ አይሠራም።

ቅጠል_ለቃሚ · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡15

ቫን ጎግን ከጠራችሁ አይቀር ሜንደልን ጥሩ። መነኩሴው። አተር እያዳቀለ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው። ሥራውን በ1865 በቃል አቀረበ፣ በ1866 ታተመ፣ ከዚያ ጸጥ። በ1884 ሞተ። በ1900 ሦስት የዕፅዋት ተመራማሪዎች በየፊናቸው ተመሳሳይ ነገር ላይ ደርሰው ወደኋላ ቢያገላብጡ ሰውዬው ከ34 ዓመት በፊት ጨርሶት ቁጭ ብሏል።

ሁላችሁም የምትከራከሩት "ለኔ የቱ ይሻለኛል" ብላችሁ ነው። የሰውዬውን ጉዳት ተዉት፣ እሱ ገዳም ውስጥ አበምኔት ሆኖ ኑሮውን ኖሯል። ሳይንሱ ነው 34 ዓመት የከሰረው። የጠያቂውም መሥሪያ ቤት እንደዚያው ነው። ችግር የሚፈታው ማን እንደሆነ ካላወቁ ነገ ሌላ ነገር ሲወድቅ የሚጠሩት የተሳሳተ ሰው ነው። አንተን!

ዝምተኛው_ኮደር (ጠያቂ) · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡20

እኔም ሌሊት የማስበው እሱን ነው። ስልኩ ሲጮኽ።

ማራቶን_42 · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡05

እንዴት እስካሁን አበበ ቢቂላን የጠራ የለም?

ሮም 1960። በባዶ እግሩ። ማንም አያውቀውም ነበር። የሚጣፍጠው ነገር ደግሞ እሱም ተፎካካሪውን አላወቀውም። ሞሮኮአዊውን ራዲን በ26 ቁጥር ፈልገው ተብሎ ነበር፤ ራዲ ግን 185 ለጥፎ ሮጠ። አበበ 26ን እየፈለገ ከ185 ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆየ፣ መጨረሻ ላይ ጥሎት ሄደ። 2፡15፡16። በዚያን ጊዜ በማራቶን ከዚያ በፊት እንደዚያ የሮጠ የለም። ሁለቱም የማያውቁትን ሰው አሳንሰውም አግዝፈውም አላዩም፤ ዝም ብለው ሮጡ።

አራት ዓመት ቆይቶ ቶኪዮ። አሁን ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። ትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። 2፡12፡11 ሮጦ ገባና ሜዳው ላይ ተኝቶ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ፣ ሌላ ዙር ያለበት ይመስል። እና ሲንቁት ያሸነፈ፣ ሲያገዝፉትም ያሸነፈ ሰው ነው። ለሱ ጥያቄያችሁ ትርጉም የለውም።

ሜክሲኮ 1968 ላይ እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ሁሉም ግን እሱን ነበር የሚጠብቀው። ወርቁን ማን ወሰደ? ማሞ ወልዴ።

ቁጥር_9 · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡12

ማሞ = የተናቀ። አንድ ነጥብ ለኔ።

ሰባተኛ_ፎቅ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡15

ሩጫ ላይ ሰዓት አለ እኮ! ሰዓት አያዳላም። ሩጫና ቼዝ እያመጣችሁ መሥሪያ ቤት ላይ አትፍረዱ።

አሮጌ_እስክሪብቶ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡48

ልጆች፣ ክርክራችሁን እያነበብኩ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። እኔ በሕይወቴ አግዝፈው ያዩኝ ሰው ነኝና ከዚያ ወገን የሆነ ነገር ልንገራችሁ።

በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መዝገብ ገለጥኩ። እንዲሁ በአጋጣሚ የተገለጠው ገጽ ላይ ዓይኔ አንድ ድምር ላይ አረፈ። ስህተት ነው። ትልቅ ስህተት። ለኃላፊው ነገርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ይህ ልጅ ዓይኑ ንስር ነው" ተባልኩ። ሌላ ገጽ ብገልጥ ኖሮ እኮ ምንም አልነበረም! ግን ማን ይሰማል። የከበደ መዝገብ ሁሉ ወደኔ መምጣት ጀመረ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው። ትንሽ ቆይቼ አንድ ነገር ገባኝ፤ መጠየቅ አልችልም። ንስር የተባለ ሰው "ይህ ዓምድ ምን ማለት ነው?" ብሎ ይጠይቃል? አይጠይቅም። ያልገባኝን ቤት ወስጄ ሌሊት ሳፈጥበት አድር ነበር። አንድ የሠራሁትን ስህተት ዓመት ሙሉ ደብቄ አቆይቻለሁ፣ ለብቻዬ እስካስተካክለው። በዚያ ዓመት ፀጉሬ ሸበተ ብላችሁ እመኑኝ።

አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ሰው ነበር። ቀርፋፋ ነው ይሉታል። እሱ ሁሉን ይጠይቃል፣ ትናንት የጠየቀውን ዛሬም ይጠይቃል። ማንም አይገርመውም፣ ቀርፋፋ ነዋ! በአምስተኛው ዓመት የመሥሪያ ቤቱን ሂሳብ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቅ እሱ ሆነ። እኔ በርቀት እቀናበት ነበር። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ማለት ይሄው ነው። የኔን ከበሮ ሰው ሁሉ ሲመኝ እኔ የሱን እመኝ ነበር።

ነገረኛዋ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡59

ጋሼ፣ የዚህ ሁሉ ክርክር ዋጋው የእርስዎ ጽሑፍ ነው። መጠየቅ አለመቻልን አስቤው አላውቅም። ግን ልጠይቅዎት፣ በመጨረሻ እውነትም ንስር ሆኑ እንዴ?

አሮጌ_እስክሪብቶ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡06

ግማሽ ንስር። ሌሊት ማፍጠጡ አስተምሮኛል መቼም። መምህርቷ እንዳለችው ስሙ ትንሽ ጎትቶኛል። ደመወዜም ከዚያ ቀርፋፋ ከተባለው ሰው ሁልጊዜ ይበልጥ ነበር፣ ይህንን ሳልናገር ብቀር ውሸታም እሆናለሁ።

ዝምተኛው_ኮደር (ጠያቂ) · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡11

ጋሼ አመሰግናለሁ። ደመወዙን ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር 😅

አንድ_ቃል · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

ቴራኖስ።

ፈረስ_ሐ3 · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡33

@አንድ_ቃል ሰው እንዲገባው ላስፋውልህ። በጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ምርመራ እንሠራለን ያለው ኩባንያ ነው። በ2014 ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። መሣሪያው የተባለውን አይሠራም ነበር። መሥራቿ ኤልሳቤጥ ሆልምስ በ2022 ባለሀብቶችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች፣ ከ11 ዓመት በላይ ተፈረደባት።

እሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው በራሱ ጊዜ አግዝፎ ሲያይህ አንተ ጥፋት የለብህም። አንተ ራስህን ስታገዝፍ ነው ጥፋቱ።

ሰባተኛ_ፎቅ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡39

ጠያቂውስ የት ጋ ነው ያለው? አለቃው "ያን ችግር የፈታ ሰው" ሲለው ዝም አለ። ራሱን አላገዘፈም። ሲያገዝፉት ግን አላስቆመም። እኔ እዚያ ጋ አጥሩ አይታየኝም።

ፈረስ_ሐ3 · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡44

... እሺ፣ እሱ ያስኬዳል።

ነገረኛዋ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡46

ጠያቂ፣ የቃላት ጨዋታውን ተወውና ነገ ጠዋት ግባና ንገረው። ከዓርብ በፊት። ከተሾምክ በኋላ ብትነግረው ምፀት ነው የሚመስለው።

ዝምተኛው_ኮደር (ጠያቂ) · ሐሙስ፣ ማታ 2፡30

ተመልሻለሁ። ትናንት ነገርኩት።

ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ሌሊት ስለማመድ ያደርኩትን አንድም ሳላስቀር አልኩት። "ያን ችግር የፈታሁት እኔ አይደለሁም። እሱ ነው። እኔ ስላይዱን ነው የሠራሁት። ያኔ መናገር ነበረብኝ፣ ዝም አልኩ።" ላብ በላብ ሆኛለሁ። ሰውዬው ትንሽ አየኝ፣ አየኝና ፈገግ አለ። "ይኸውልህ፣ መሪ የሚያደርግህ ይሄ ነው። ለቡድንህ ክብር ትሰጣለህ። ትሁት ነህ።"

ትሁት! አይደለም፣ እውነቴን ነው እላለሁ፣ "ገብቶኛል፣ ገብቶኛል" ይለኛል። ባስረዳሁ ቁጥር ይብስበታል። ከቢሮው ስወጣ ከመግባቴ በፊት ከነበረው ይበልጥ ገዝፌ ወጣሁ።

ቁጥር_9 · ሐሙስ፣ ማታ 2፡33

😂😂😂😂 ሞትኩ

የሰው_ኃይል_ክፍል · ሐሙስ፣ ማታ 2፡51

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ይህ ግን የኔ ሙያ ነው። ቶርንዳይክ የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር በ1920 የጻፈው አለ። መኮንኖች የበታቾቻቸውን በየዘርፉ እንዲመዝኑ ተደርጎ ነበር፤ አካላዊ ብቃት፣ ብልህነት፣ የመሪነት ችሎታ፣ ጠባይ፣ ሁሉም ለየብቻው። ውጤቱ ሲታይ አንዱ ላይ ከፍ ያለው ሁሉም ላይ ከፍ ብሏል። ቁመናው ያማረ ወታደር ብልህም መሪም ተባለ። ይህን ነው በየሥልጠናው "ሃሎ" እያልን የምናስተምረው፣ በቅዱሳን ሥዕል ራስ ዙሪያ እንዳለው ብርሃን።

አለቃህ ብርሃኑን ካንተ ራስ ላይ አስቀምጦ ጨርሷል። ከዚህ በኋላ የምትለው ሁሉ በዚያ ብርሃን ነው የሚታየው። ብትናገር ትሁት፣ ብትዘጋ ጨዋ። የባልደረባህ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እሱ ቢናገር ጉረኛ፣ ቢዘጋ ደካማ። በቃል ብትነግረው አይገባውም። የሥራ መዝገቡን አሳየው። ማን ምን ቀን ምን እንዳስተካከለ ሲስተማችሁ ውስጥ ስሙና ሰዓቱ ተጽፎ የለም? እሱን አትመህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለት። ትሁት የሚባል ወረቀት የለም።

ሰባተኛ_ፎቅ · ሐሙስ፣ ማታ 2፡58

መጋረጃው ተገኘ!

ማራቶን_42 · ሐሙስ፣ ማታ 3፡02

ልጁስ ምን አለ? እሱን ያነጋገረው አለ እስካሁን?

ዝምተኛው_ኮደር (ጠያቂ) · ዓርብ፣ ማታ 1፡40

መዝገቡን አተምኩ። አርባ ሁለት ማስተካከያ፣ ሠላሳ ሰባቱ የእሱ ስም፣ አብዛኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ። አለቃዬ ሦስት ጊዜ አነበበው። ዝም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አላለም። የመሪነቱ ነገር ለጊዜው ይቆይ ተብሏል፤ እኔም እፎይ ብያለሁ፣ ትንሽ ደግሞ ከፍቶኛል፣ ሁለቱንም ነው።

ማራቶን ልጁስ ላልከው፣ ከዚህ ሁሉ ሰው እሱን የጠየቅከው አንተ ብቻ ነህ። እኔም አልጠየቅኩትም ነበር። ዛሬ ከሰዓት አለቃ ጠርቶ አመሰገነው። ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና "ማን ንገርልኝ አለህ?" አለኝ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ለካ የሚወድቁትን የሌሎች ቡድኖች ሲስተሞችም ከሰኞ ጀምሮ አንተ ያዝ ብለውታል። አምስት ናቸው።

ቁጥር_9 · ዓርብ፣ ማታ 1፡44

ሜዳውን ዘጋህበት 😂

ነገረኛዋ · ዓርብ፣ ማታ 1፡47

ደመወዝ ጨመሩለት?

ዝምተኛው_ኮደር (ጠያቂ) · ዓርብ፣ ማታ 1፡49

እሱን ሰኞ አብረን ገብተን እንጠይቃለን ብለናል። መናገሩ የኔ ነው፣ ወረቀቱን የሚይዘው እሱ።